ቀድሞ የሚሄድ፣ ዘግይቶ የሚመጣ፣ አይቶ የሚያልፍ፦ በማይገመት ሹፌር አውቶቡስ መመላለስ

የማለዳ ተሳፋሪ (ክሩን የከፈቱት)

ሰላም ለሁላችሁም። በንዴት ሰዓት እንዳልጽፈው ብዬ ይህን ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ያህል አቆይቼዋለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት ሥራ የምሄደው በአንድ የከተማ አውቶቡስ መስመር ነው። መንገድ ይጨናነቃል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ አውቶቡስ ይበላሻል፤ ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ፣ በዚህ ምክንያት ቅሬታ አቅርቤም አላውቅም። ከአምስት ወር ወዲህ የጠዋቱን ምልልስ የያዘው ሹፌር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጭንቀት አምጥቶብኛል።

በሰዓት ሰሌዳው መሠረት አውቶቡሱ ከእኔ ፌርማታ የሚነሣው ከጠዋቱ 1፡20 ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ዕለት 1፡14 ላይ ሄደ፤ እኔ መንገዱን ስሻገር ያየሁት ጀርባውን ነው። ማክሰኞ 1፡10 ላይ ደርሼ ጠበቅሁት፤ 1፡41 ላይ መጣ። ረቡዕ በሰዓቱ ደረሰ፤ ነገር ግን ስምንት ሰዎች እጃችንን ዘርግተን ቆመን ሳለ፣ ውስጡ ግማሽ ባዶ ሆኖ፣ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈን። ሐሙስ ቆሞ አሳፈረን፤ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሲደርስ ግን በሮቹን ዘግቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሰባት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ ለጠየቀው ተሳፋሪ መልስ አልሰጠም፣ ዞር ብሎም አላየውም። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፤ እያንዳንዳችንን ሰላም እያለ ተቀበለን፣ አንዲት አሮጊት ወንበር አግኝተው እስኪቀመጡ ድረስ ታግሦ፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ ተነሣ።

ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ የዓርቡ ነው፤ ሥራውን በሚገባ እንደሚያውቅ ያየሁት በዚያ ዕለት ነውና።

በኑሮዬ ላይ ያመጣውን ስናገር ማጋነን እንዳይመስልብኝ እሻለሁ። አውቶቡሱ ዘወትር 20 ደቂቃ የሚዘገይ ቢሆን ኖሮ እኔም 20 ደቂቃ አርፍጄ እወጣ ነበር፤ ዘወትር 5 ደቂቃ የሚቀድም ቢሆንም እንዲሁ ቀደም ብዬ እወጣ ነበር። አሁን ግን ሁለቱንም መፍራት አለብኝ። እንዳያመልጠኝ ቀደም ብዬ እወጣለሁ፣ ቢዘገይም ሥራ እንዳላረፍድ ከእርሱ በፊት ያለውን አውቶቡስ ለመያዝ እጣደፋለሁ፤ በዚህ የተነሣ የ35 ደቂቃ መንገድ ከቤት እስከ ሥራ ቦታ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። ያ ትርፍ ሰዓት የተቆረጠው ልጄን ቀስቅሼ፣ አልብሼ፣ አጫውቼ ከምሸኝበት ጊዜ ነው።

ተመሳሳይ ነገር ያጋጠማችሁ እስኪ ጻፉልኝ። የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ነው ወይስ ከኋላው እኛ የማናየው ነገር አለ? ቅሬታ ባቀርብስ ምን ብዬ ብጽፍ ሰሚ አገኛለሁ?

---

የኋላ ወንበር

እኔ በሌላ መስመር ላይ ነኝ፤ ታሪኩ ግን የእኔ ነው ማለት ይቻላል። የእኛው ሹፌር በሰዓት በኩል የሚታማ አይደለም። ያስቸገረን አነዳዱ ነው። አንዳንድ ቀን መጽሐፍ ከፍቼ አንብቤ እወርዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በየመብራቱ ፍሬኑን በድንገት ስለሚረግጠው፣ ቆመን የምንሄደው ሰዎች ከኋላ ወደ ፊት እንወረወራለን። ልክ ስንረጋጋ ነዳጁን አጥብቆ ይሰጠውና ሁላችንም ወደ ኋላ እንሄዳለን። ከመሳፈሬ በፊት በመስታወቱ ፊቱን አይቼ ዛሬ የትኛው ነው ብዬ መገመት ከጀመርሁ ቆየሁ። በየቀኑ በዚህ ዓይነት የሌላውን ሰው ፊት እያነበቡ ሥራ መሄድ ያደክማል።

---

መሪ ጨባጭ

የከተማ አውቶቡስ መሪ ከጨበጥሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። የማለዳ ተሳፋሪ፣ ከዘረዘሯቸው አምስት ቀናት ውስጥ ሦስቱን እኔ ራሴ አድርጌአቸዋለሁና፣ ከማስተባበል ይልቅ እንዴት እንደሚሆን ልንገርዎት።

የሐሙሱን በቀላሉ መገመት እችላለሁ። ከፊቱ ላለው አውቶቡስ በጣም ስለቀረበ፣ ከስምሪት ክፍል ባለበት እንዲቆይ ታዝዞ ይሆናል። እኛ ይህን ትእዛዝ አንወደውም፤ ሙሉ አውቶቡስ ሰው ጀርባችን ላይ አፍጥጦ እያየን ሰባት ደቂቃ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ዝም ማለቱን አልደግፍለትም። «ታዝዤ ነው የቆምሁት» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል።

የረቡዑም ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። አንድ አውቶቡስ በጣም ሲዘገይና ሌላው ተከትሎት ሲደርስ፣ ፊተኛው ጥቂት ፌርማታዎችን ዘልሎ እንዲያልፍ የሚደረግበት አሠራር አለ።

የሰኞው ቀድሞ የመሄድ ጉዳይ ነው ብዙዎቻችን በግልጽ የማንናገረው። ለአንድ ምልልስ የሚሰጠን ሰዓት ተሰልቶ ይሰጠናል። ስሌቱ የተሠራው መንገዱ ገና እንዲህ ሳይጨናነቅ ከሆነ፣ ጠዋት ላይ ያ ሰዓት በምንም መንገድ አይበቃም። ሰዓቱ ሲያልቅ የሚጠፋው ምን ይመስልዎታል? መድረሻ ላይ ያለችን የ8 ደቂቃ እረፍት ናት። እኛ ሽንት ቤት የምንሄደው፣ ውሃ የምንጠጣው፣ ወገባችንን የምናቀናው በዚያች 8 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሹፌር የመስመሩን የመጀመሪያ ክፍል፣ ገና መንገዱ ክፍት ሳለ፣ ፈጠን ብሎ በመሄድ ደቂቃ ያጠራቅማል። የእርስዎ ፌርማታ ወደ መነሻው የቀረበ ከሆነ ያመለጠዎት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ልብን እንደሚጎዳ እኮ እ.ኤ.አ. በ1953 በለንደን አውቶቡሶች ላይ የተደረገው ጥናት ሳይቀር አሳይቷል።

ስለ ፍሬኑ ግን የምከራከርበት ነገር የለኝም። ሰው ጭኖ በድንገት መርገጥ፣ ልጅ ወይም መኪና ዘልሎ ካልገባ በስተቀር፣ የሹፌሩ ጥፋት ነው።

---

ጥያቄ አለኝ

ለሁሉም ነገር ምክንያት ከተገኘለት ታዲያ ማን ይጠየቃል? ተሳፋሪው ከፍሎ ነው የሚሳፈረው። እኔ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አርፍጄ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ለአለቃዬ የስምሪት ክፍሉን የሰዓት ስሌት ባስረዳው የሚሰማኝ ይመስላችኋል? ስምንት ሰው ፌርማታ ላይ ትቶ የሚያልፍ ሹፌር በዚያው ቀን ከሥራው መታገድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

---

ስሌት

በሙያዬ የትራንስፖርት መሐንዲስ ነኝ። በሁለቱ ወገኖች መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር እንዳለ ለማሳየት ልሞክር፤ ይህም የአውቶቡስ መስመር በራሱ ያለበት ደካማነት ነው።

አንድ አውቶቡስ በማናቸውም ምክንያት 2 ደቂቃ ቢዘገይ፣ ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ላይ የ2 ደቂቃ ተጨማሪ ሰው ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። ያንን ሰው ለማሳፈር ሲል የበለጠ ይዘገያል፤ በዚያው ልክ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ይጨምራል። ከኋላው ያለው አውቶቡስ በተቃራኒው የሚያሳፍረው ሰው እያነሰ ስለሚሄድ እየፈጠነ ይመጣና በመጨረሻ ይደርስበታል። ለ25 ደቂቃ ምንም ሳይመጣ ቆይቶ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው የሚመጡት፣ ፊተኛው ጢም ብሎ ሞልቶ ኋለኛው ባዶ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎርደን ኒውዌልና ሬንፍሪ ፖትስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ አሳይተውታል። ማንም ሰው ሳያጠፋ፣ ሁሉም ሹፌር ሥራውን በአግባቡ እየሠራ፣ መስመሩ በራሱ ወደዚህ መዛባት ያዘነብላል።

አሁን ወደ ሰኞው እንመለስ። ሹፌር ቀድሞ ሲሄድ ይህንኑ መዛባት ከሌላው ጫፍ ይጀምረዋል። እርሱ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ስለሆነ እየቀለለው ይሄዳል፤ እርሱ ጥሎት የሄደው ሰው ሁሉ ግን ከኋላው ባለው አውቶቡስ ላይ ይወድቃል፣ ያም ይዘገያል። ስለዚህ ማክሰኞ የማለዳ ተሳፋሪ 31 ደቂቃ የጠበቁት ከፊት ያለው ሌላ ሹፌር ቀድሞ በመሄዱ ሊሆን ይችላል።

ተሳፋሪው የሚከፍለውንም በቁጥር ማየት ይቻላል። አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው እኩል ተራርቀው ቢመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ወደ ፌርማታ የሚመጣ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 5 ደቂቃ ነው። እነዚያው አውቶቡሶች፣ ቁጥራቸው ሳይቀነስ፣ አንዱ በ2 ደቂቃ ሌላው በ18 ደቂቃ እየተፈራረቁ ቢመጡ አማካዩ ወደ 8 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይወጣል። ከ10 ሰዎች 9ኙ የሚደርሱት በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነውና። በወረቀት ላይ በሰዓት 6 አውቶቡስ ተሰማርቷል፤ ሪፖርቱ ስህተት የለበትም፤ ተሳፋሪው ግን ያንን አገልግሎት አላገኘም።

መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። በመስመሩ ላይ ጥቂት የሰዓት መቆጣጠሪያ ፌርማታዎች ይመረጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰ አውቶቡስ እዚያ ቆሞ ሰዓቱን ይጠብቃል። ጆን ባርቶልዲና ዶናልድ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ የሰዓት ሰሌዳውን ጨርሶ ትተው፣ እያንዳንዱ አውቶቡስ መነሻው ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ከኋላው ያለው አውቶቡስ ባለበት ርቀት ልክ የሚወስንበትን ዘዴ አቅርበዋል፤ በአትላንታ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አውቶቡሶች ላይም ሞክረውታል። የሐሙሱ የሰባት ደቂቃ መቆም፣ የሚያበሳጭ ቢሆንም፣ ከአምስቱ ቀናት ውስጥ ለተሳፋሪው ሲባል የተደረገው ብቸኛው ነገር እርሱ ሊሆን ይችላል።

---

ነጭ በትር

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ብቻዬን በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጉዳይ ስላለ ልጨምር።

ለእኔ የሹፌሩ አለመገመት ከደቂቃ በፊት የሚጀምረው ከቦታ ነው። ጥንቃቄ ያለው ሹፌር በሩን ከፌርማታው ምሰሶ ፊት ለፊት ያቆመዋል፤ እኔም በትሬን ዘርግቼ ሁለት እርምጃ ተራምጄ እሳፈራለሁ። ግድ የሌለው ሹፌር ግን አንድ ቀን ምሰሶው ጋ፣ አንድ ቀን ከዚያ 30 ሜትር አልፎ፣ አንድ ቀን ከእግረኛ መንገዱ ርቆ በመሀል አስፋልት ላይ ያቆማል። እኔ የሞተሩን ድምፅ ተከትዬ ስሄድ በሩ ተዘግቶ ይሄዳል። ስወርድም እንዲሁ ነው። ፌርማታዎችን በጣቴ እየቆጠርሁ ነው የምሄደው፤ ሰው የለም ብሎ አንዱን ፌርማታ በዝምታ ሲያልፈው ቁጥሬ ይዛባና የማላውቀው ቦታ እወርዳለሁ። ስሌት ያሉት የሐሙሱ ዓይነት መቆም ሲያጋጥመኝ፣ ፌርማታ ይሁን፣ መብራት ይሁን፣ ብልሽት ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከትሎ፣ ዋና ዋና ፌርማታዎችና መቀየሪያ ቦታዎች በድምፅ እንዲነገሩ በመመሪያ ተደንግጓል። መሣሪያው ከሌለ ሹፌሩ በአፉ ይናገራል። አንድ ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለስድስት ዓመት እያንዳንዱን ፌርማታ ስሙን እየጠሩ ነበር የሚነዱት። የሰዓት ሰሌዳው እርሳቸውም ላይ ያው ነበር፣ መንገዱም ያው ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱ ብዙ ነገር እንደሚወስን ብቀበልም፣ ለሹፌሩ የሚተርፈው ድርሻ ትንሽ ነው ብዬ አላምንም።

---

የማለዳ ተሳፋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መሪ ጨባጭ፣ በግልጽ ስለነገሩኝ እርስዎን በተለይ። የ8 ደቂቃዋን እረፍት ነገር ሳነብ አፍሬአለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ሹፌሩ ሽንት ቤት መቼ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ይሁን እንጂ በሁለት ነገር አልስማማም። ረቡዕ ዕለት አውቶቡሱ በሰዓቱ ነበር የደረሰው፤ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዝለል ተብሎ ነው ለማለት እችል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ የመሄድ ጉዳይ ነው። መዘግየትን የሚያመጣ ነገር ብዙ ነው፤ ዝናብ፣ አደጋ፣ የመንገድ ሥራ፣ የተሳፋሪ ብዛት። ቀድሞ ከፌርማታ እንዲነሣ የሚያስገድድ ነገር ግን በመንገድ ላይ የለም። ሰዓቱ ስላልበቃ ደቂቃ ይጠራቀማል ብለውኛል፤ ያች የተጠራቀመች ደቂቃ ግን ከእኔና ሰሌዳውን አምነው ከወጡ ሰዎች የተወሰደች ናት። አውቶቡስ 6 ደቂቃ ዘግይቶ ቢመጣ 6 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ 6 ደቂቃ ቀድሞ ከሄደ ግን የምጠብቀው ቀጣዩን ነው፣ እርሱም በእኛ መስመር 25 ደቂቃ ነው።

---

መሪ ጨባጭ

በሁለተኛው ትክክል ነዎት፤ እቀበላለሁ። የረቡዑንም ከሰዓቱ ጋር ሳላያይዝ ነው የመለስሁት። ልጨምር የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለስምሪት ክፍሉ ሰዓቱ አይበቃም ብሎ ደጋግሞ የሚያመለክት ሹፌር፣ ሌላው እንዴት በቃው ተብሎ ይጠየቃል። ሌላው የበቃው ቀድሞ እየወጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሰዓቱን ጠብቆ የሚሄደው ሹፌር ሁልጊዜ ዘግይቶ መድረሻ ይገባል፣ እረፍት አያገኝም፣ በመዝገብም ሰነፍ እርሱ ይባላል።

---

የአጥንት ክፍል ነርስ

የኋላ ወንበር የጻፉት ፍሬን የዚህ ክር ትንሹ ጉዳይ ተደርጎ እንዳያልፍ ብዬ ነው የምጽፈው። አውቶቡስ ውስጥ ወድቀው ወደ እኛ ክፍል የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ከምንም ነገር ጋር ግጭት ስላልነበረ ነገሩ እንደ ትራፊክ አደጋ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ቤተሰብም «አውቶቡስ ውስጥ ወደቁ» ብሎ ያልፈዋል። ለ75 ዓመት ሰው ግን የዳሌ ስብራት ቀሪ ሕይወቱን ሊለውጥ የሚችል ጉዳት ነው። ለመውረድ ብለው አውቶቡሱ ሳይቆም ከወንበራቸው የሚነሡት በዚያው ቅጽበት ነው ብዙ ጊዜ የሚወድቁት። የሚነሡትም ካልተነሡ ሹፌሩ ሳያወርዳቸው እንደሚሄድ ስለሚፈሩ ነው። ሹፌሩ ታግሦ እንደሚያወርዳቸው እርግጠኛ ቢሆኑ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እስከዚያው፣ ቆማችሁ የምትሄዱ ሰዎች ፊታችሁን ወደ ጎን አድርጉ፣ እግሮቻችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፣ አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ምሰሶውን ያዙ።

መሪ ጨባጭ፣ ስለጠቀሱት የለንደን ጥናት አንድ እርማት አለኝ። ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ፣ ተቀምጠው በሚውሉት ሹፌሮች ላይ የልብ ሕመም እንደሚበዛ ያሳየ ነው። የተወያዩበትም በዋናነት ስለ አካል እንቅስቃሴ እንጂ ስለ ጭንቀት አልነበረም። የእርስዎን ድካም ለማመን ግን ጥናቱ አያስፈልገኝም።

---

ስሌት

የፍሬኑን ነገር በቁጥር ላስቀምጠው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በ9 ሰከንድ ቢቆም 50 ሜትር ያህል ይፈጅበታል፤ የቆመ ተሳፋሪ እምብዛም አይቸገርም። በ3 ሰከንድ ቢቆም ግን ርቀቱ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ተሳፋሪውን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይልም ከክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 26 ኪሎ ያህል ሸክም በድንገት ከኋላ እንደገፋው ይቆጠራል። የሚለያያቸው ሹፌሩ መብራቱን ከሩቅ አይቶ እግሩን ከነዳጅ ላይ አስቀድሞ ማንሣቱ ነው፤ ለዚህ የሚከፈለው ጊዜ 6 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

---

ከስምሪት ክፍል

በስምሪት ክፍል ለስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። «ምን ብዬ ልጻፍ» ለሚለው መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ መሰለኝ።

«ሹፌሩ ክፉ ነው»፣ «ዘወትር ይዘገያል» የሚሉ ደብዳቤዎች በየቀኑ ይመጣሉ፤ ምንም ሊደረግባቸው ስለማይቻል መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ሥራ የሚሠራው ደብዳቤ የአውቶቡሱ የጎን ቁጥር፣ ቀኑ፣ የፌርማታው ስም፣ የጉዞው አቅጣጫና በደቂቃ የተጻፈ ሰዓት ያለበት ነው። እነዚህ ካሉ ከመውጫ መዝገቡ ጋር ተነጻጽሮ ሹፌሩ ታዝዞ መቆሙና ሳይታዘዝ ማለፉ ይለያል። አንድ ቀን ብቻ ከጻፋችሁ አጋጣሚ ነው ይባላል፤ ሦስት ሳምንት ከመዘገባችሁ ግን የሰዓት ስሌቱም ራሱ ይመረመራል። ጥያቄ አለኝ የተባሉት ወንድሜ፣ የሹፌሩን መታገድ ብቻ የሚጠይቅ ደብዳቤ ውጤቱ ሹፌሩን ወደ ሌላ መስመር ማዛወር ነው፤ በእርሱ ቦታ የሚመጣውም የሚረከበው ያንኑ ሰዓት ነው።

ቀድሞ ስለ መሄድ የማለዳ ተሳፋሪ ያሉትን የሚደግፍ አሠራር አለ። በብሪታንያ የአውቶቡስ አገልግሎትን የሚቆጣጠሩት አካላት በሰዓቱ ሄደ የሚሉት ከ1 ደቂቃ በላይ ሳይቀድም፣ ከ5 ደቂቃ በላይም ሳይዘገይ የሄደውን ነው። ለመዘግየት አምስት፣ ለመቅደም አንድ ብቻ መፈቀዱ በእናንተ ክርክር ልክ ነው። በለንደን ደግሞ አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ በሚመላለስባቸው መስመሮች ላይ፣ ድርጅቶች ከሚመዘኑባቸው ነገሮች አንዱ ተሳፋሪው ሊጠብቅ ከሚገባው በላይ የጠበቀው ትርፍ ጊዜ ነው። ስሌት ያሳዩት የ5 ደቂቃና የ8 ደቂቃ ልዩነት እዚያ ገንዘብ ያስቀጣል።

ስለ እረፍት መሪ ጨባጭ ያሉትም እውነት ነው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 561/2006 አሽከርካሪ 4 ሰዓት ተኩል ነድቶ የ45 ደቂቃ እረፍት እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ ርዝመቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መስመር ላይ የሚሰጥ መደበኛ የሕዝብ አገልግሎት ግን ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። የከተማ አውቶቡስ ማለት ያ ነው። በሰዓት ስሌት ላይ ስሠራ ሁልጊዜ የምንቆርጠው የመድረሻውን እረፍት ነበር፤ ከዚያ የሚቀል ቦታ አልነበረንም። ዛሬ ብመለስ እንዲያ አላደርግም።

---

የማለዳ ተሳፋሪ (ከአራት ሳምንት በኋላ)

በተሰጠኝ ምክር መሠረት 15 የሥራ ቀናት መዝግቤ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ከ15ቱ ቀናት ውስጥ በ4ቱ አውቶቡሱ በሰዓቱ ወይም እስከ 5 ደቂቃ ዘግይቶ መጥቷል፤ በ5ቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድሞ ሄዷል፤ በ5ቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ዘግይቷል፤ በአንዱ ቀን ሳይቆም አልፏል። የጎን ቁጥሩንና ደቂቃውን ከእያንዳንዱ ጋር ጽፌአለሁ፤ ከደብዳቤው ግርጌም የመድረሻው እረፍት አብሮ እንዲታይ ጠይቄአለሁ። በስምንተኛው ቀን መልስ መጣ። የጠዋቱ የምልልስ ሰዓት እንደገና እንደሚለካ፣ ቀድሞ መነሣትን በተመለከተ ለሹፌሮች ሁሉ ማሳሰቢያ እንደተሰጠ ይላል። ሳይቆም ስላለፈበት ቀን ግን ምንም አልተባለም።

ሌላም ነገር አድርጌአለሁ። ባለፈው ሳምንት እንደገና በሮቹን ዘግቶ ሲቆም፣ ወደ ፊት ሄጄ በአክብሮት «ወንድሜ፣ ታዝዘው ነው የቆሙት?» አልሁት። እንዴት እንዳወቅሁ ገርሞት አየኝ። «አዎ» አለ። ቢነግሩን ደስ ይለናል ስለው፣ «ማይክሮፎኑ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ደግሞ ተቆጣን ይላሉ» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሚሉት መካከል እሆን ነበር። ከትናንት በስቲያ ሲቆም ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ወደ እኛ ዞሮ፣ «አምስት ደቂቃ እንድቆይ ታዝዣለሁ» አለ። አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ ወደ ሥራ ቦታዋ ደወለች።

ዛሬ ጠዋት ግን 1፡15 ላይ ሄዷል። እንደገና ጀርባውን ነው ያየሁት።

ስለዚህ ሁለተኛውን ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው፤ በመጪው ሰኞ አስገባዋለሁ። በዚሁ የጠዋት መስመር የምትሄዱ ካላችሁ፣ የየፌርማታችሁን ደቂቃ እስከ እሑድ ማታ እዚህ ጻፉልኝ። የአንድ ፌርማታ መዝገብ ብቻውን አይበቃም።

---

አዲስ ተመዝጋቢ

ይህን ክር ከጀመረበት ቀን አንሥቼ ሳነብ ነበር፤ የጎን ቁጥሩን በውስጥ መልእክት ጠይቄዎት አንድ አውቶቡስ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እኔ የምሳፈረው ከእርስዎ አምስት ፌርማታ ዝቅ ብዬ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያለኝ ሰዓት 1፡34 ነው። የዚህን ሳምንት መዝግቤአለሁ። ሰኞ 1፡30። ማክሰኞ 1፡47። ረቡዕ 1፡35። ሐሙስ 1፡52፣ ከኋላው ያለው ደግሞ 1፡53። ዛሬ ዓርብ፣ ከእርስዎ ፌርማታ 1፡15 ላይ በሄደበት ቀን፣ እኔ ጋ የደረሰው 1፡28 ነው፤ ስድስት ሰው ጥሎ ሄዷል፣ ስድስተኛዋ እናቴ ነበሩ። ከሰኞ ጀምሮ ለመውረጃዬም እመዘግባለሁ።